ራቢዓ ለፈተና ሬኖ የሄደች ዕለት

ራቢዓ የአካውንቲንግ ዲግሪዋን ከአዲስ አበባ ይዛ አሜሪካ መጥታ፣ በርክሌ አንድ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች። ይህን የምለው እንድታዝኑላት አይደለም፤ እኛ ሰፈር ዲግሪ ሳይኖረው ትኬት የሚቆርጥ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። እሷን ከሌሎቻችን የሚለያት ነገሩን አለመተዋ ነው። ሳንሆዜ አንድ የሒሳብ ቢሮ ገባች። ከምንኖርበት ከኦክላንድ እየተመላለሰች ቀን ትሠራለች፣ ማታ ታጠናለች። ሲፒኤ የሚባለውን የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ ለማግኘት አራት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሦስቱን አለፈች፤ ኦዲት ቀራት።

የዚህ ፈተና ክፋቱ ቀነ ገደቡ ነው። አራቱም በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ካላለቁ መጀመሪያ ያለፉት ይቃጠላል። የራቢዓ የመጀመሪያው በ2012 ኦገስት መጨረሻ ሊቃጠል ነው። እሷ ደግሞ «ጾም ይዤ አልፈተንም፣ ከዒድ በኋላ ይሻለኛል» ብላ ቆየች። ዒድ ሲያልፍ ኦክላንድም ሳንሆዜም አንድ የፈተና ወንበር ጠፋ። ለካ ሰው ሁሉ እንደ እሷ የመጨረሻዋን ሳምንት ሲጠብቅ ኖሯል። የተገኘው ሬኖ፣ ኔቫዳ ነው፤ ተራራ ተሻግሮ ሌላ ስቴት፣ ቁማር ቤት የሞላበት ከተማ።

«ቡክ አድርጌያለሁ፤ ብቻዬን ድራይቭ አደርጋለሁ» አለችኝ። ጎረቤቷ ነኝ፤ ሳህሉ እባላለሁ፣ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ።

«በዚያች አሮጌ ኮሮላሽ?»

«ምን አላት?» ብላ ተቆጣችኝ።

ያን ሰሞን ሌላም ነገር ከብዷታል። እናቷ ደሴ ታመዋል። ወንድሟ ኸድር «የሐሞት ጠጠር ነው፣ መድኃኒት ላይ ናት» ይላት ነበር። ፈተናው ሲቃረብ ግን ስልክ ማንሳት አቆመ። ኔትወርክ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

በፈተናው ዋዜማ ሐጂ ከማለዲን ደወሉልኝ። ሐጂ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጅቷን ብቻዋን አንሰድም። ነገ ጎህ ሲቀድ በቫንህ እንወስዳታለን። እንዳትነግራት» አሉኝ። የሐጂ ትእዛዝ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ጠዋት ሐጂ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዓፊፋና እኔ በሯን አንኳኳን። ሦስታችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ መርዶ የሚያረዱት ደግሞ ሐጂ ከማለዲን ናቸው። በዚያ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ የሰው በር ሲያንኳኩ ያየ የለም።

ራቢዓ በሩን ከፍታ አየችን። «እማዬን!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አልኳት። መርዶ ሊነገር ሲል መጀመሪያ የሚባለው ይኸው መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«አንተ በምን አወቅህ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ለኸድር ደወለች፤ አያነሳም። ወደ ሐጂ ዞረች። «ሐጂ፣ እማዬ በሕይወት አለች፤ ወላሂ ይበሉ!»

ሐጂ አልማሉም። «ተነሽ ልጄ፣ ሰዓት ይሄድብሻል» አሉ። በገንኩ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?

እትዬ ዓፊፋ እንደ ሕፃን አለባብሰው፣ መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተው ቫኑ ውስጥ አስገቧት። ሳክራሜንቶ እስክንደርስ ለቅሶዋ አላባራም። እሷ «መልሰኝ» ትለኛለች፤ ሐጂ «ንዳ» ይሉኛል። ነዳሁ። ተራራው ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ጸጥ አለች። በመስተዋት ሳያት እትዬ ዓፊፋን ከእግር እስከ ራሳቸው ትመረምራለች።

«እትዬ፣ ተኩለዋል።»

«ከዒድ ወዲህ መቼ ተውኩት!»

«ወርቅዎንም አድርገዋል።»

«ታዲያስ! አንቺ ለወግ ለማዕረግ ስትሄጂ እንዴት ሆኜ ልምጣ?»

ራቢዓ ፊቷን ጠረገች። ዓይኗን ተኩላ፣ ወርቅ አድርጋ መርዶ የምትሄድ ሴት የለችም፤ ይህን ደሴም ኦክላንድም ያውቃል። «ሰው የነገረህን አትመን፣ ማስረጃውን እይ ነው የሚለው ኦዲት» አለችኝ ፈገግ ብላ። እትዬ ዓፊፋ ያመጡትን ዳቦ ቆርሳ በላች። ከዚያ ሬኖ እስክንደርስ ቀና ሳትል አነበበች።

እሷ ለፈተናው ገባች፤ እኛ ውጭ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ አልን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ብዙም ሳይቆይ የሐጂ ስልክ ጠራ። ራቅ ብለው አነጋገሩና ተመለሱ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዘፍ አሉ። የደወለው ኸድር ነው። እናትየው ብሶባቸው ሆስፒታል ገብተው፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው የዚያኑ ዕለት ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡም ነበር፤ አሁን ግን ነቅተዋል። ሐጂ ከዋዜማው ጀምሮ ያውቃሉ፤ ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም። እትዬ ዓፊፋ «ከእኔም ይደብቃሉ?» ብለው ተነሡባቸው። እኔ ግን ጠዋት መብገኔ ቆጨኝ። ሰውዬው ጠዋት በሯ ላይ ሲቆሙ ሴትዮዋ መኖራቸውን በምን አውቀው ይማሉ?

ራቢዓ ወጣች። ደክሟታል፣ ግን ተረጋግታለች። ሐጂ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሉ ሁሉንም ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ ጮኸችባቸው። ሐጂ ላይ የጮኸ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ብትሞትስ? እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ጥያቄ ስመልስ ብትሞትስ?»

«ብትሞትም የምነግርሽ ስትወጪ ነበር» አሉ ሐጂ። «የራሷ የእናትሽ አደራ ነው።»

አላመነቻቸውም። ለኸድር ደወለች፤ አሁን ወዲያው አነሳ። ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«እማዬ ናት ያስማለችን» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፣ ብቻዋንም እንዳትሄድ አለች። ለሐጂ የደወልኩት ለዚያ ነው። ከሰመመን ስትነቃ የጠየቀችን ራሱ ያንኑ ነው።»

«ምን አለች?»

«ራቢዓ ጨረሰች ወይ አለች።»

ራቢዓ ቫኑን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ጨርሳለች በላት» አለችው በመጨረሻ። «ውጤቱ ግን ገና ነው በላት።»

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ አልፋለች። እናትየው ግን ያን አልጠበቁም። በማግስቱ ጠዋት፣ ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ልጄ አሜሪካ ፈተና አለፈች ብለው ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።