ማጀብ የመሰላት ቃል

በጫማ ፋብሪካው ስፌት ክፍል ከእጇ ይልቅ ምላሷ የሚፈለግ አንዲት ሴት ነበረች። እንግሊዝኛን በማታ ትምህርትና በሬዲዮ ለቃቅማ ነው የያዘችው። አስተርጓሚው ሥራ በለቀቀ ሰሞን፣ ከውጭ የመጣውና ከ"እሺ" በቀር የአገሩን ቋንቋ የማያውቀው ሥራ አስኪያጅ ከስፌት መኪናዋ አንስቶ አጠገቡ አቆማት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ "አፋችን" ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ በኮሪደሩ ሲያልፍ አያት። "ነገ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ይሰብሰብ። የሙጫ ክፍሉን ሽማግሌ በሰው ፊት ኤክስኮሪዬት አደርጋቸዋለሁና ተዘጋጂ" በእንግሊዝኛ ብሏት አለፈ።

ቃሉን ሰምታው አታውቅም። አላውቀውም እንዳትል ደግሞ አስተርጓሚ ተብላ አፈረች፤ እንደገባው ሰው ራሷን ነቀነቀች። ኋላ በሆዷ ስታገላብጠው ኤስኮርት ትዝ አላት። ኤስኮርት ማለት ማጀብ ነው። ሽማግሌው፣ ሁሉ ሰው ጋሽ ማስቲሽ የሚላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው። እንግዲያማ ሽኝት ነው! እየሮጠች ሄደች።

"ጋሼ፣ ነገ በሰው ፊት ሊሸኙዎት ነው! ደህና ልብስ ለብሰው ይምጡ።"

"እኔን?" አሉ ብሩሻቸውን አስቀምጠው። "ይሄ ሰውዬ መኖሬን ያውቃል እንዴ?"

"ሥራዎን አይቶ ነዋ!"

ማታ እራት ላይ ለባሏ ስታወራለት፣ ታክሲ ነጂው ባሏ ጉርሻውን እንደያዘ ቆም አለ። "ኤስኮርትን እኔም አውቀዋለሁ፣ ሞተረኞቹ ከፊት ከፊት ሲሄዱ ነው። ያንቺው ግን ጅራት አብቅሏል" አላት። ስልክ ላይ ካለው መዝገበ ቃላት ፊደሉን እየተሳሳቱ፣ እያረሙ አገኙት። ሰውን ክፉኛ መንቀፍ፣ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የቃሉ ሥር ቆዳ መግፈፍ ነው ይላል።

"ሰውየውን ሱፍ አስለብሼ ላስገፍፋቸው ነው" አለች።

ባሏ ሊስቅ ከጀለና ፊቷን ሲያይ ተወው። "የሚሳደበው እሱ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ? ማስተላለፍ ነው ሥራሽ።"

"የሱ እንግሊዝኛ ለጋሽ ማስቲሽ የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ነው። በሚገባቸው ቋንቋ የምገፍፋቸው እኔ ነኝ።"

ደወለችላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ጠዋት ስትደርስ ጋሽ ማስቲሽ ቡናማ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ሚስታቸውን አስከትለው በር ላይ ቆመዋል። ከሚስታቸው ለየት አድርጋቸው አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ክራባታቸውን ነካክተው ነካክተው፣ "የተገነጠለው ሶል ይሆናላ" አሉ። "ባለፈው ሳምንት ጥርሴ አሞኝ፣ ቤቴ ልግባ ብዬ ሙጫው ሳይደርቅ ነው የለጠፍኩት። ጥፋትስ አለብኝ፣ ልጄ።"

"ጥፋትዎን ለሱ ይንገሩት። በሰው መሀል ግን አይሆንም።"

"አንቺ ታስቀሪዋለሽ?"

"እሞክራለሁ፣ ጋሼ።"

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ ሶላቸው አፉን የከፈተ ጫማዎች ተደርድረዋል። ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

"የትላንትናው ቃል አልገባኝም ነበር። ሽኝት መስሎኝ ነገርኳቸው፤ ይኸው ሚስታቸውን ይዘው መጥተዋል።"

ሰውየው በመስኮት ተመለከተ። ሱፉን አየ፣ ሴትየዋንም አየ። "ሥራሽ መተርጎም ነው" አላት።

"እዚህ ውስጥ የፈለጉትን ይበሉ፣ አንዲት ቃል አላስቀርም። ግቢ ውስጥ ግን አልተረጉምም። ካልሆነ ወደ ስፌት መኪናዬ ይመልሱኝ።"

"ታዲያ ሠራተኛው ከማን ይማር?"

"ከኔ። አላውቅም ማለት አፍሬ ያበላሸሁትን ራሴ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። ስለ ሙጫውም የማንንም ስም ሳላነሳ እናገራለሁ።"

ፊቱ ፍም መሰለ። ቢሆንም ሌላ አስተርጓሚ ከየት ያምጣ? "ጥሪያቸው" አለ በመጨረሻ።

በሩ ተዘጋ እንጂ ቁጣው አልቀነሰም፤ ልክ ልካቸውን ነገራቸው። እሷም ቃሏን ጠብቃ፣ እየመረራት ሁሉንም አስተላለፈች። ጋሽ ማስቲሽ አልተከራከሩም። ጥፋታቸውን አምነው ማስጠንቀቂያቸውን ተቀብለው ወጡ።

ሚስታቸው ደጅ ሆነው ይጠብቁ ነበር። "ሽኝቱስ?" አሏቸው።

"ተራዝሟል" አሉ ጋሽ ማስቲሽ፣ ሱፋቸውን እያራገፉ። "ነይ፣ ቤት አድርሼሽ ልምጣ።"

አስተርጓሚዋ ደግሞ ግቢ በተሰበሰበው ሠራተኛ ፊት ደረጃ ላይ ቆመች። ያልገባትን ቃል እንደገባት አድርጋ አንድ የተከበረ ሰው ልታሳፍር እንደነበር፣ ማን እንደሆነ ሳትናገር አወራች። ሙጫ ሳይደርቅ የሚለጠፍ ጫማ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረቻቸው። "ማጀብ መስሎኝ" ስትላቸው ግቢው በሳቅ ተናጋ። አብራት የምትሰፋው ጓደኛዋ ከኋላ፣ "እኔንም አንድ ቀን አሳጅቢኝ!" ብላ ጮኸች። አስተርጓሚዋ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ንግግሯን ሳትጨርስ አልወረደችም።

ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ አኮረፋት። በምትኳ ያመጣው ወጣት በሁለተኛው ስብሰባ ተንተባትቦ ቀረና ደግሞ እሷኑ አስጠራት። አሁን ያልገባት ቃል ሲመጣ እጇን ታነሳና በሺህ ሰው ፊትም ቢሆን "ይሄ ምን ማለት ነው?" ትለዋለች። እሱም አንዳንዴ እየተነጫነጨ፣ አንዳንዴም ራሱ እየተቸገረ ያስረዳታል።