ከገዛ ክፍሏ የወጣችው ጌጤነሽ

ጌጤነሽ ጂዳ የገባችው ኸይሪያ በሚል የሙስሊም ስም ነው። ደላላው ስሟን ቀይሮ፣ ሻሽ አስጠምጥሞ ሳፋ ሰፈር ሰው ቤት አስቀጠራት። ዓመታት ከበር ሳትወጣ ኖራ፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል በወጣችበት ቀረች። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አሠሪዋ እማዳም እጅ ቀረ። በኒ ማሊክ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እየተዘዋወረች ቤት ማጽዳት ያዘች።

አርብ አርብ እንደ እሷ ክርስቲያን የሆኑ ጓደኞቿ እዚያች ክፍል በር ዘግተው ይጸልዩ ጀመር። መጀመሪያ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ጸሎቱን የምታስጀምረውም እሷ ነበረች። ኋላ ኢንጂነር ተሰማ መጣ። ሥዕል ሰቀለ፣ መጋረጃ ጋረደ፣ ጸሎቱንም ተረከበ። ማንም ቅር አላለውም።

አንድ አርብ ለብቻዋ ጠራት።

“ጌጤ፣ በወር አበባሽ ጊዜ እንደ ሌሎቹ እህቶች ከውጭ ብትቆዪ። አሁን ሥዕል ያለበት ቤት ነው።”

“ጋሽ ተሰማ፣ ቤቱ እኮ የኔ ነው። የምተኛውም እዚሁ ነው።”

“ጸሎቱ እስኪያልቅ ነው እንጂ!”

ሌሎቹ የወር አበባቸው ሲመጣ ከቤታቸው አይመጡም። እሷ ግን መሄጃ ስለሌላት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ራሷ ያስተማረቻቸው መዝሙር ከበሩ ወዲያ ሲሰማት እንባዋ መጣ።

ከጸሎተኞቹ አንዱ፣ አርፍዶ የመጣው ሐኪሙ ባሕሩ፣ አያትና አጠገቧ ተቀመጠ።

“ይሄ ነገር በጥንቶቹ አባቶች ዘንድም አከራክሯል” አላት። “መንፈስ ቅዱስ በወር አበባ ምክንያት ከሴት አይለይም፣ ትጸልይ ያሉ ነበሩ።”

“ታዲያ ዶክተር፣ ይህን ውስጥ ገብተው ለምን አይነግሯቸውም?”

ባሕሩ አቀረቀረ። “ጉባኤው እንዳይበተን ብዬ ነው።”

ተነስቶ ገባ። በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ወረቀት የሌለው ሁሉ በሚታፈስበት ሰሞን ፖሊሶች ሕንፃው ገቡ። አርብ ነበር፤ ጌጤነሽም የወር አበባዋ ስለ ሆነ ደረጃው ላይ ነበረች። ሮጣ በሩን ብታንኳኳ የሚጸልዩትን ሁሉ ታስይዛለች። ካለችበት አልተነሳችም።

“ኢቃማ!” አሏት።

ባዶ እጇን አሳየቻቸው።

“ላይ ማን አለ?”

“ማንም የለም።”

“ያላ፣ ተነሺ!” ብለው ይዘዋት ወረዱ።

ከእስር ወደ አገሯ ተላከች። ደሴ አክስቷ ቤት ሳለች፣ አብራት ትጸልይ የነበረችው እታፈራሁ ደወለች።

“ጌጤዬ፣ ልዩ ጸሎት አደረግንልሽ! ጋሽ ተሰማ ‘ስለ እኛ የታሰረች’ እያለ ሁላችንንም አስለቀሰን።”

“ክፍሌን ማን ያዘው?”

“እኛው ነን። አልጋሽን አውጥተን ሰፋ አደረግነው። አሁን በደንብ ቤተ ክርስቲያን መስሏል።”

ጌጤነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

“ሃሎ? ጌጤ?”

ስልኩን ዘጋችው። እታፈራሁ ደግማ ደጋግማ ብትደውልም አላነሳችም።