ሶላሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ

ራቢዓን ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ ብቻ የሚጠራት የለም፤ «ራቢዓ ባትሪ» ናት። አዋላጅ ነርስ ነች። ከሮቢት፣ ከማሽላ ገበሬ ቤት ወጥታ ቆቦ ሥራ ከያዘች ጀምሮ የእጅ ባትሪ ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። ምን ታድርግ! የአገሩ መብራት እንደሆነ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ ሳይናገር ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ባትሪውን በጥርሷ ነክሳ ስንቱን ልጅ ተቀብላለች! እናቶች ገበያ ላይ ሲያገኟት «ያቻትና ባትሪዋ!» እያሉ ለልጆቻቸው ያሳይዋታል፤ እሷም ትስቃለች።

የማያስቃት አንድ ነገር ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን በኦክስጅን ማሽን እየተነፈሰ ሳለ የመብራት መሄድ። ባትሪ ያበራል እንጂ አያስተነፍስም። ጄኔሬተሩም ነዳጅ ኖሮት እንኳ ካልተለማመጡት አይነሣም።

ሆስፒታሉ ድሮም ለክትባት ማቀዝቀዣውና ለጥቂት አምፖል የሚሆን ሶላር ነበረው። አሁን ሊሰፋ ነው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉንም ሊይዝ ነው ሲባል ሰው ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ተሳለቀ። ራቢዓ ግን አመነች። የራያ ፀሐይ ከልጅነቷ ጀምሮ አናቷን ስትበሳት ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ብትሠራላት ምን አለበት?

ሠራተኞቹ መጡና በእናቶች ክፍል ጓሮ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ሰፋፊ ጥቁር መስታወት ደረደሩ። የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሽያን ፈንታው የኦክስጅን ማሽኑን ከሶላሩ ጋር ባገናኘበት ቀን ራቢዓ እግር በእግር ስትከተለው ዋለች።

«ማጠራቀሚያው ገና አልሞላም» አላት። «ዛሬ መብራት ከሄደ በቀጥታ ከፀሐይዋ ነው የሚበላው።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ማሽኑ ግን ሥራውን አላቋረጠም! ስሩ የተኛው የሀስና ልጅ ነው፤ በሰባት ወሩ የመጣ፣ እፍኝ የማይሞላ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሀስና አጠገቡ በምጥ ድካም እንቅልፍ ጥሏታል። ራቢዓ በደስታ ልትጮህ ስትል አፏን በመዳፏ አፈነች።

ደስታዋ ሳይበርድ ማሽኑ ራሱ ጮኸ፤ ቀይ አበራና ቀጥ አለ።

«ያ ረቢ!»

ባልደረባዋ ሰላም ሕፃኑን በእጅ በሚጨመቀው መተንፈሻ ያዘችው። ፈንታው ሽቦ ሲፈትሽ ራቢዓ በጓሮ በር ሮጣ ወጣች።

መስታወቱ ላይ ጋቢ ተሰጥቷል። ጋቢ ብቻ? ነጠላው፣ ሽርጡ፣ የሕፃን መጠቅለያው፣ ጫፉ ላይ እንኳ በርበሬ! ድሮም አስታማሚ ልብስ አጥቦ የሚያሰጣው በዚህ ጓሮ ነው። የሚፋጅ ንጹሕ መስታወት ተዘርግቶ ሲገኝ ማን ያልፈዋል? የጋቢውን ጫፍ የሚያቃኑት ደግሞ የሀስና እናት፣ እማማ ዚነት ናቸው።

«እማማ! ያንሱት! ያንሱት!»

«ምነው ልጄ፣ ገና እኮ አልደረቀም።»

«የልጅ ልጅዎ ትንፋሽ ነው የተሸፈነው!»

እማማ ዚነት ያን ጊዜ የሮጡትን ወጣትም አይሮጠው። ጋቢውን ገፈው፣ የሰውን ልብስ ሁሉ ትከሻቸው ላይ ቆልለው፣ በርበሬውን በክንዳቸው ጠረጉት። ሰላም በመስኮት ብቅ አለች። «ተነሣ! ማሽኑ ተነሣ!» ራቢዓ የታፈነ እልልታዋን ለቀቀችው።

እማማ ዚነት ግን መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ። «ወላሂ፣ በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።»

«አብሽሩ እማማ። እርስዎን ማን ነገረዎትና? ገመድ ያልወጠርን እኛ።»

ፈንታው ወዲያው በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ወጠረ። እማማ ዚነት ዱላ አበጅተው ከሶላሩ ጎን ተቀመጡ። ሐኪሙ እንኳ ጋዋኑን ለአፍታ ጣል ሊያደርግ ሲል «ዘወር በል!» ብለው አባረሩት።

ወደ አመሻሹ የሰፈሩ ልጆች «መጣ! መጣ!» እያሉ ሲጮኹ ተሰማ። ያ ሁሉ ትርምስ ያልቀሰቀሳት ሀስና በዚህ ነቃች። ልጇን አየች፤ ማሽኑ ይሠራል።

«ምን መጥቶ ነው?»

«መብራት» አለቻት ራቢዓ።

ሀስና ግራ ገባት። «ሄዶ ነበር እንዴ?»

ራቢዓ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።