ሃኑስ ክንዱን ያመሳቀለ ዕለት

ከፋሮ ደሴቶች ዳር ወዳለችው ወደ እኛ ደሴት ለመምጣት ሄሊኮፕተሩ አለ፣ ጭጋግ ከፈቀደ፤ ጀልባዋ አለች፣ ባሕሩ ከፈቀደ። ከደረሱ በኋላ በእግር ነው። ወደብ የለንም። ጀልባዋ ቋጥኙ ሥር ትጠጋና ማዕበሉ ሽቅብ ሲያነሣት ሰው ይዘላል፤ ከላይ የቆመው ሰው ክንዱን ለቀም ያደርገዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ያ ሰው ጎረቤቴ ሃኑስ ነበር። እኔንም ሙሽራ ሆኜ ስመጣ የለቀመኝ እሱ ነው፤ ያኔ ፀጉሩ ጥቁር ነበር።

ሃኑስ እጁን ካነሣ ጀልባዋ ትጠጋለች፤ ክንዱን ከራሱ በላይ ካመሳቀለ ትመለሳለች። ካፒቴኑ እንኳ አይከራከረውም። ቄስ መልሷል፤ ወፍ ሊያዩ የመጡ እንግዶችንማ ስንቴ!

በዚያ መከር ሚስቱ ሱንቫ ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ሆና ዋና ከተማው ቶርስሀቭን ውስጥ ስድስት ሳምንት ቆየች። ሄሊኮፕተር ትፈራለች። ዐርብ በጀልባ እመጣለሁ አለች።

ሃኑስ ሾርባ ጥዶ፣ ጢሙን ሁለቴ ተላጭቶ ወረደ። ጉልበቱ አልቆ ስለነበር ቋጥኙ ላይ የተጠረበውን ደረጃ እየተቀመጠ ነው የወረደው። እኔም የፖስታውን ከረጢት ይዤ ተከተልኩት።

ካፒቴኑ ኡኒ ከሩቅ ጮኸ፤ «ሃኑስ! ንብረትህን አምጥቻለሁ፣ ትረከባለህ?»

«ዝም በል፣ ልቁጠር!»

ሁልጊዜ ከሦስት ትልልቅ ማዕበል በኋላ ጥቂት ፋታ ይገኛል። ያን ቀን አራተኛውም መጣ፣ አምስተኛውም። ሱንቫ ጀልባዋ ላይ ምርኩዟን ይዛ ታየናለች።

«በል እንጂ፣ እኔም አግዝሃለሁ» አልኩት።

«በዚያ ዳሌዋ ትዘላለች?»

ክንዱን አመሳቀለ። ጀልባዋ ዞረች።

«አንተ ሽማግሌ! ሌላ ሴት አስገብተሃል እንዴ?» ብላ ጮኸች ሱንቫ። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሳቁ። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ደከመኝ» አለ። ሽቅብ ለመውጣት ሰዓት ሙሉ ፈጀብን።

እሑድ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ሱንቫ ዓይኗን ጨፍና በሄሊኮፕተር መጣች። ሃኑስ ክንዱን ዘረጋላት።

«አሁን ነው እጅህን የምትሰጠኝ?» አለችና ምርኩዟን ለእኔ አቀብላ ክንዱን ያዘች።

ማታውኑ ለኡኒ ደወለ። እኔ ወጥ ቤታቸው ተቀምጫለሁ።

«ቋጥኙ ላይ ሌላ ሰው አቁሙ።»

ኡኒ ስለ ጉልበቱ ጠየቀው መሰለኝ።

«ጉልበቴ አይደለም» አለ ሃኑስ። «ዐርብ ዕለት ማዕበሉ ፋታ ሳይሰጥ እጄን ላነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ሱንቫ ሾርባውን እያማሰለች፣ ዞር ሳትል፣ «አይቼሃለሁ» አለችው።