ጉና ሥር ሙቀት ስንለካ

ጉና ላይ ሙቀት ፍለጋ መውጣት ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ተራራው ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር፤ ዛሬ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የእኛ ሥራ የምንጮቹን ውሃ መለካት፣ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሮ ቴርሞሜትር ማውረድ፣ ከዚያም ከመሬቱ በታች ለኤሌክትሪክ የሚበቃ ሙቀት መኖር አለመኖሩን በካርታ ማሳየት ነበር። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። አብረውኝ የሚወጡት ሹፌር በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

መኪና በማይገባበት ቦታ መሣሪያችንን በበቅሎው የሚጭንልን አንድ ገበሬ ነበር። መንደሩ ሲኦልን ሊከፍቱ መጡ እያለ ሲያማን እሱ አልፈራንም። ሙቀቱ ከተገኘ መብራት መቼ እንደሚገባላቸው ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ድንች ቀቅላ ቁፋሮው ድረስ ታመጣልን ነበር። አንድ ቀን ቴርሞሜትሩን ከእጄ ተቀብላ በመዳፏ ጨበጠችው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አይታ ሳቀች።

ምጥ ያዛትና አልወለድ አላት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ይህ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሆስፒታል ውሰዷት አለች። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው መኪናው ድረስ አመጧት። መሣሪያውን ሜዳ ላይ አውርደን አስተኛናት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ባሏ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ከፊት ተኩስ ነበር፤ ለእኛም ይሰማን ነበር። ሹፌሩ ወርደው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ለመኗቸው። አንደኛው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና ፊቱን አዞረ። እኛ ብናሳልፋችሁ ከፊት ያሉት ይመቷችኋል አሉ። ቆመን ጠበቅን።

“መቼ ነው የምንሄደው?” አለችኝ።

“አሁን እንሄዳለን” አልኳት።

ውሃ ጠየቀች፤ ከንፈሯን አረጠብኩላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ተኩሱ ሳይበርድ፣ ልጇም በሆዷ እንዳለ፣ እጄ ላይ አረፈች። ባሏ ነጠላዋን እስከ እግሯ ጎትቶ አለበሳትና ሹፌሩን ወደ ቤት እንዲመልሱን ጠየቃቸው።

መንገዱ እንደተዘጋ ነበርና ከቀብሩ በኋላም እዚያው ቀረን። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ እኔ ግን የሰው ዓይን ማየት አቃተኝ። ሠልስቷ ሲያልፍ የቀሩትን ምንጮች ለካን። ሌላ የምንሠራው አልነበረም። ውሃው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉድጓዶቹም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አላሳዩም።

መንገዱ ሲከፈት ባሏ በቅሎውን እየሳበ መጣ። ጥቁር ለብሷል። ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብለው ሹፌሩ ቢለምኑት እንቢ አለና ራሱ ጫነልን። መኪናው ጋ ስንደርስ ውጤቱን ጠየቀኝ።

“ለመብራት የሚሆን የለም” አልኩት።

የጭነቱን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ።

“እንግዲያ አትመለሱም” አለ።

ባዶዋን በቅሎ አዙሮ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያስነሱ ቆዩ፤ እኔም እንሂድ አላልኳቸውም።