መዳፍ ላይ ተጽፎ የመጣ ኮድ

አልዋሽም፣ ለራሴ የነበረኝ ግምት ትልቅ ነበር። በሥራ የቆዩ ሴቶች ጀማሪዎችን የሚመክሩበት ማኅበር ሀዋሳ ላይ ሲቋቋም፣ የኦንላይን መመዝገቢያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተመዝጋቢዋ የስልክ ቁጥሯን ትሞላለች፣ ኮድ ይላክላታል፣ ኮዱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልገባ ይቃጠላል። የቢሯችን ጸሐፊ «ሁለት ደቂቃ አላነሰም?» ስትለኝ፣ «ዛሬ ማን ስልኩን ከእጁ ይለያል?» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

አንድ ጠዋት እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ መጣች። ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ትማራለች። «ክፍል ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ልተወው ወይ እያልኩ ነው። ያለፈችበት ሴት ብትመክረኝ ግን እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። ፎርሙን በእኛ ኮምፒውተር ሞላች። ስልኩ ግን የእሷና የእኅቷ የጋራ ነው፤ ቀን ቀን እኅቷ ትይዘዋለች። እኅቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሰፋለች፤ ስልኩን ፋብሪካው በር ላይ አስረክባ ነው የምትገባው።

በማግስቱ ልጅቷ ኮዱን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ መጣች። አስገባችው፤ እምቢ አለ። ሌላ አስላከች፤ እሱንም በነጋታው እንደዚያው ጽፋ መጣች፣ አሁንም እምቢ አለ። ከዚያም ሲስተሙ ቆለፈባት። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «የኔ እመቤት፣ ኮድ እኮ የትናንት ወጥ አይደለም፣ አያድርም።» ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሷም አብራን ሳቀችና የተጻፈበትን መዳፏን ጨብጣ ወጣች። ራሴ ልመዘግባት እችል ነበር። «ለአንድ ሰው ተብሎ አሠራር አይቀየርም» አልኩ እንጂ።

ከወራት በኋላ ሳይጨርሱ የቀሩ ብዬ የናቅኳቸውን ምዝገባዎች ከፍቼ አየሁ። ብዙዎቹ የቆሙት እዚያው ኮዱ ላይ ነው። ኮዱ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሠራ፣ ስልክ የሌላትም በወረቀት እንድትመዘገብ አደረግኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ወዲያው ለልጅቷ ደወልኩ።

ያነሳችው እኅቷ ናት። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ የምትመክራት ሴት መሐንዲስ አግኝተንላታል፣ ዛሬውኑ ትምጣ አልኳት።

«ትምህርቱን እኮ ተወችው» አለች ረጋ ብላ። «ቁጥር ማስገባት ያቃተኝ ሰው ኤሌክትሪክ እንዴት እችላለሁ አለች።»

ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የኔ ነው አልኳት።

«አይ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያድርጉ» አለችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ አስተናግደዋታል። የኛዋ ናት ያልገባት።»