የዳባት ገላጋዮች

ኳሷን የፈለግኳት እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ደባርቅ ውስጥ ስለዚያ ጨዋታ ሲወራ የሚነሳው የጓደኛዬ ጭንቅላት ነው። የኔ እግር ትዝ የሚላቸው ወሬው ሊያልቅ ሲል ነው፣ እሱም ትዝ ካላቸው።

እንቁላል የመሰለችውን ኳስ ያመጣት ከአሜሪካ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። መምህሩ ብርድ አይችልም፤ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ጋቢ ደርቦ ክፍል ይገባና እየተንቀጠቀጠ ያስተምረናል። ከትምህርት በኋላ ላፕቶፑን ይከፍትና የአገሩን ኳስ ያሳየናል። እነሱ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ በእግር የሚነካት ከስንት አንዴ ነው። ተጫዋቾቹ የብረት ቆብ አጥልቀው፣ ትከሻቸውን እንደ በር አስፍተው የሚጋጩ፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ፣ ለሱም የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው።

ሕጉ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። አንደኛው ቡድን ኳሷን ይዞ ወደፊት መሬት ይነጥቃል፣ ሌላው ይከለክላል። ሁለቱም ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ መሃል ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሲሰጥ ጨዋታው ይነሳል። እስከዚያ ድረስ አጥቂዎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ወደ ጎን መሄድ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ ሴቶቹ መጣጣል ስላልተፈቀደልን ወገባችን ላይ ቁራጭ ጨርቅ እንሰካለን። ኳስ የያዘችው ልጅ ጨርቋ ከተመነጨቀ እዚያው ቆመች ማለት ነው።

ጓደኛዬ የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ለትምህርት የመጣች። እኛ ግቢ ካለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች፣ እንደ ትልቅ ሰው ተረጋግታ ነው የምታወራው። እናቴ ለዚህ አነጋገሯ ትሞት ነበር። እኔ ሮጬ ገብቼ ሮጬ ስወጣ፣ እሷን እያት፣ እንዴት ረጋ ብላ እንደምትቀመጥ እያት ትለኛለች። የገዛ እናቴ ናት እንግዲህ።

ላፕቶፑን ስናይ እኔ ዓይኔ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ላይ ነው። ማን ሌላ ሰው ያያል? እሷ ግን የምታየው ተከላካዮቹን ነበር። መምህሩን ወደ ኋላ መልስልን ትለውና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይኸ ሰውዬ ለምን ወዲያ ዞረ፣ ያኛው ለምን ቆመ እያለች ታደርቀዋለች። እሱ ደግሞ ደስ ይለዋል። አንዱ ቡድን ወፍራም ወፍራሞቹን ሁሉ በአንድ ጎን ይከምራቸዋል፤ ተከላካዮቹ ወደዚያው ሲሰበሰቡ ኳሷ በባዶው በኩል ትሄዳለች። ሌላው ሦስት ሯጮችን ተጠጋግተው እንዲቆሙ ያደርግና ኳሷ ስትነሳ ድንጋይ እንደተወረወረባቸው ወፎች ይበተናሉ፤ ማን ማንን እንደሚከተል ተከላካዮቹ ይጠፋቸዋል። ደግሞ ባዶ ሆዱን አቅፎ፣ ኳስ የያዘ መስሎ፣ አጎንብሶ የሚሮጥ አለ፤ ሁለት ሦስት ግዙፍ ሰው በላዩ ይወድቅበታል። መምህሩ ሲያስረዳን ተከላካዮቹ ሞኞች አይደሉም አለ። እያንዳንዱ ሲያይ የሚያምነው አንድ ምልክት አለው፤ አጥቂው ያንን ምልክት ያሳየውና በሌላ በኩል ይሄዳል።

እሷ ከዚያ በኋላ ደረጃችን ላይ ቆርኪ መደርደር ጀመረች። ቆርኪው ከእናቴ ሱቅ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ቆርኪ ስበትን የተገረፍኩበት ሱቅ፣ ለሷ በጣሳ እየሞላ ይሰጣት ነበር። የቢራው አጥቂ፣ የለስላሳው ተከላካይ። እናቴ ቆማ ታያታለች፣ አንዳንዴም ይቺን ወዲህ ብታደርጊያትስ ትላታለች።

መምህሩ ወርዋሪ አድርጎ የመረጠው እሷን ነው። ኳሷ መጀመሪያ የምትገባው በወርዋሪዋ እጅ ነው፤ ለማን እንደምትሰጥም የምትወስነው እሷ ናት። አወራወሯ እንኳ ደህና አልነበረም፣ ጉልበት የለውም። ከኔ የሚፈጥን ግን ከወንዶቹም ጥቂት ነበር። ሄጄ ኳሷን ለምን እኔ አልይዝም ብዬ ጠየቅኩት። አንቺ በጣም ፈጣን ስለሆንሽ ኳሷ በሌለችበት ነው መሮጥ ያለብሽ፣ ሁሉም አንቺን ይከተላሉ አለኝ፣ እንደ ትልቅ ስጦታ። እንግዲህ ያን ወር ሙሉ ባዶ እጄን ሮጥኩ። ልምምድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰጠችኝም። ማታ ደግሞ እኛ ቤት እራት ትበላለች።

ዳባት ትምህርት ቤት የመምህራችን ባልንጀራ የሆነ ሌላ አሜሪካዊ ያስተምር ነበርና የሱን ሴቶች ልንገጥም ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። ሜዳው ላይ መስመሩን በአመድ አስምረውታል። የከተማው ሰው እንደ ሰርግ ወጥቷል። ከዚያ መስመር ኳሷን ይዞ ያለፈ ነጥብ ያገኛል። እኔ መንገድ ላይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን አመድ ኳስ ይዤ መርገጥ።

የዳባት ልጆች ስለኔ ሰምተዋል። ስሮጥ ሁለት ይከተሉኛል፣ እሷ ለሌላ ትወረውራለች። መጀመሪያ ሠራ። በኋላ ነቁበትና አንዷ ብቻ ትከተለኝ ጀመር። እኩል ለእኩል ሆንን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣ አሁን ለኔ ስጪኝ አልኳት። ተሰለፊ ብቻ አለችኝ።

ተሰለፍኩ። ጎንበስ ያለችዋ ልጅ ኳሷን ይዛለች። ጓደኛዬ ከኋላዋ እንደቆመች ወደኔ ዞረችና በዚያ በተረጋጋ ድምፅዋ፣ ሜዳው ሁሉ እየሰማ፣

«አንች ደግሞ ኳስ መያዝ መች ታውቂና ነው ስጭኝ የምትይ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እራቱም፣ ቆርኪውም፣ እናቴም፣ ባዶ እጄን የሮጥኩት ሩጫም ሁሉም ወጣ። እግሬን ተክዬ ቆሜ ነው የምጮኸው። እሷ ቦታዋን ትታ ቀስ እያለች በጎን ወደኔ መጣች፣ ሊደባደብ እንደሚመጣ ሰው።

እኛ አገር ሰው ሲጣላ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ትንሽም ትልቅም ሮጦ ይገባና ይገላግላል። የዳባት ልጆች ደግሞ ያውም ባለአገር፣ እኛ እንግዶች። መጀመሪያ አጠገቤ የነበረችው መጥታ ተይ እህቴ ብላ እጄን ያዘች። ቀጥላ ሌላዋ ጓደኛዬን ወገቧን አቀፈቻት። የሁሉም ትልቅ፣ ከኋላ መስመሩን የምትጠብቀዋ፣ ቦታዋን ለቃ መጣችና «ስለ ማርያም ተዉ፣ ሰው እያየ አይደለም ወይ?» አለች። ሲያባብሉኝ፣ ሲያረጋጉኝ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ልትጠርግልኝ ስትል ጩኸት ሰማሁ። ጎንበስ ያለችዋ ልጅ ኳሷን ለአንዲት ትንሽዬ የኛ ልጅ አቀብላት ኖሮ፣ ልጅቱ ባዶውን ሜዳ አቋርጣ አመዱ ላይ ቆማለች።

የዳባቱ መምህር አይቆጠርም አለ። ሁለቱ ነጮች ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ የኛው፣ ከሳቁ ጋር እየታገለ፣ የተንቀሳቀሰችው አንዷ ብቻ ናት፣ እሷም በጎን ነው የሄደችው፣ የምትጮኸዋ እንደ ምሰሶ ነው የቆመችው ብሎ ረታ። ሕጉ የተጠበቀው በኔ ንዴት ነው ማለት ነው። እጄን የያዘችዋ የዳባት ልጅ ገና አልለቀቀችኝም ነበር። ጉድ ሠራችሁን፣ እኛ ለደግ ብለን አለችኝ። ከሷ ይልቅ የተታለልኩት እኔ መሆኔን እንዴት ልንገራት? ለትንሿም፣ ጎንበስ ላለችውም ተነግሯቸዋል። ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ጓደኛዬን ጎትቼ ለብቻዋ አደረግኳት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትስቂብኝ ነበራ። አንች ማስመሰል አትችይም» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እውነተኛው ንዴትሽ ግን ከበቂ በላይ ነው።»

ዳባቶች ተናደው ወዲያው አንድ አገቡብን። እንደገና እኩል። መምህሮቹ የመጨረሻዋ ናት አሉ። ያኔ ጠጋ አለችና በጆሮዬ፣ አሁንም እሰድብሻለሁ፣ አንችም መልሽልኝ፣ ኳሷ ግን ወዳንች ናት አለችኝ።

ተሰለፍን። ሰደበችኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ያዝኩት፣ እምቢ አለ። የዳባት ልጆች አዩኝና እነሱም ሳቁ። አሁንስ ማንም አይገላግላችሁም፣ ተባሉ አለች ትልቋ። እየሳቅኩ ስለነበር ማስመሰሌ መሆኑን አውቀዋል፣ ኳሷም እንደ ቅድሙ ወደኔ እንደማትመጣ ርግጠኞች ሆነዋል፤ ሁሉም ያቺን ትንሽዬ ከበው ቆሙ። ኳሷ ተነሳች፣ ለጓደኛዬ ገባች፣ በዚያ ጉልበት በሌለው አወራወሯ ወደኔ ላከቻት። ያዝኳት። ያለ ከልካይ ሮጥኩ። አመዱን ረገጥኩት፣ ቦነነ።

ዞር ስል ሰው ሁሉ እየሮጠ ነበር፤ ወደሷ። መምህሩ ወደሷ፣ የኛ ልጆች ወደሷ፣ የዳባት ልጆች ሳይቀሩ ያቺ የጃናሞራ ልጅ የትኛዋ ናት እያሉ ወደሷ። አመዱ ላይ ብቻዬን ቆሜ ገባኝ። ስናደድ ምን እንደማደርግ ታውቃለች፣ ስደሰት ምን እንደማደርግም ታውቃለች፤ ሁለቱንም እንደ ቆርኪ ቦታ ቦታቸው አስቀመጠቻቸው። ነጥቡ የኔ ነው። ሐሳቡ ግን የሷ ነው፣ ሳቄም ጭምር።

ዛሬ እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች፣ እኔ አሥራ ሁለትን ጨርሼ የእናቴ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ትደውልልናለች። እናቴ ስልኩን ከኔ ተቀብላ ብዙ ታወራታለች።

ያን ቀን ስንመለስ አይሱዙው ላይ ልጆቹ እሷን እያነሱ ይዘፍናሉ፣ ነፋሱ ፊታችንን ይልጠናል። እሷ አጠገቤ መጥታ በነጠላዋ ተሸፋፍና ተቀመጠች። ኳሷ ጭኔ ላይ ናት፣ በሁለት እጄ ይዣታለሁ። እስኪ ልያት፣ ልያዛት አለችኝ።

«አልሰጥም» አልኳት። «አንች ጭንቅላትሽን ያዥ።»

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እስከ ደባርቅ አልሰጠኋትም።